የራሴን ፔፐር ለሰው መስጠት ፈራሁ

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ መምህርት ነኝ። ኖራ በአሲዳማ አፈር ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ከሁለት ባልደረቦቼና ውጭ ከሚኖሩት የቀድሞ አማካሪዬ ጋር የሠራነው ጥናት ባለፈው ዓመት በአንድ የውጭ ጆርናል ወጣልን። በጣም ደስ አለኝ። በቅርቡ ደግሞ ሙከራውን ከሠራንበት ወረዳ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ደወለልኝ። ‹ገበሬዎቹ ውጤቱን እየጠየቁኝ ነው፣ እስኪ የጻፋችሁትን ላኪልኝ› አለኝ። ሊንኩን ላክሁለት። ለመክፈት 35 ዶላር ጠየቀው። አፈርኩ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ ልቀቂው› ይለኛል። ሌላው ‹ኮፒራይቱን ፈርመሽ ሰጥተሻል፣ ይከሱሻል› ይለኛል። የቤተ መጻሕፍታችን ባለሙያ ‹ሪፖዚተሪያችን ላይ አስገቢው› አለችኝ፤ የትኛውን ቅጂ እንደሆነ ግን ግራ ገባኝ። ጆርናሉ ክፍት እንዲያደርገው ደግሞ 3,000 ዶላር ክፈሉ ተብለን ነበር። በዚያ ላይ ሥራዬን ሰው ይሰርቀኛል ብዬም እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ «አፈርኩ» ያልሽው ላይ ቆም አልኩ። ያ ልጅ የጠየቀሽ ትልቅ ነገር አይደለም። ማሳቸውን ለሙከራ የፈቀዱ ገበሬዎች «ምን አገኛችሁ?» አሉ። እሱ ደግሞ መልሱን ሊነግራቸው ፈለገ። በዚህ መሃል 35 ዶላር መጥቶ ሲጋረጥ ማንም ቅር ይለዋል። አንቺ ግን ያጠፋሽው የለም። መንገዱን ያሳየሽ ሰው አልነበረም እንጂ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አብዛኞቹ አሳታሚዎች ከጥናትሽ አንዱን ቅጂ ሪፖዚተሪ ላይ፣ ማለትም ጥናቶች ተሰብስበው ማንም በነፃ እንዲያነባቸው በሚቀመጡበት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ፣ እንድታስቀምጪ ይፈቅዱልሻል። ሳንቲም አያስከፍልሽም። ዋናው ጉዳይ የትኛው ቅጂ የሚለው ነው። ጓደኞችሽ ያልተግባቡትም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጥናት ሦስት መልክ አለው። መጀመሪያ ወደ ጆርናሉ የላክሽው፣ ገምጋሚ ገና ያላየው ጽሑፍ አለ። ፕሪፕሪንት ይሉታል። ቀጥሎ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ተቀብለሽ፣ አስተካክለሽ ልከሽ፣ ኤዲተሩ «ተቀብለነዋል» ያለሽ ጽሑፍ አለ። ይሄ ያው የራስሽ የዎርድ ፋይል ነው። መስመሮቹ የተራራቁ፣ ሠንጠረዦቹ መጨረሻ ላይ የተደረደሩ፣ ለዓይን ብዙም የማይስብ። ሦስተኛው አሳታሚው አሳምሮ፣ አርማውንና የገጽ ቁጥሩን አስገብቶ ያወጣው ፒዲኤፍ ነው። ሁላችንም «ፔፐሬ» ስንል የምናስበው ይሄንን ሦስተኛውን ነው።

አሳታሚዎች አጥብቀው የሚይዙትም እሱኑ ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙዎቹ ይለቁልሻል። በውስጡ ያለው ጥናት አንድ ነው። የኖራው መጠን፣ የምርቱ ልዩነት፣ መደምደሚያችሁ፣ ሁሉም እዚያ አለ። የቀረው የፊደል እርማትና የገጽ አቀማመጥ ነው። ለዚያ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይሄ ምኑም አይደለም።

«ቴሌግራም ላይ ልቀቂው» ያለሽ ጓደኛ እንግዲህ ልቡ መልካም ነው፤ የያዘው ቅጂ ግን የአሳታሚው ነው። «ፈርመሽ ሰጥተሻል» ያለሽም አልዋሸም። ግን የፈረምሽውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያነበበው አይመስለኝም። እነዚያ ውሎች መብቱን ለአሳታሚው ካስተላለፉ በኋላ ለደራሲው የሚቀረውን የሚዘረዝር ክፍል አላቸው። ብዙዎቻችን ፔፐሩ ተቀባይነት ያገኘ ዕለት በደስታ ፈርመን እንልከዋለን፤ ያንን ክፍል አናየውም። አሁን ፈልጊው። ጥናቱን ተቀብለነዋል ካሉሽ ቀን ወዲህ ባሉት ኢሜይሎች ውስጥ ይኖራል።

ውሉ ከጠፋብሽ ሌላ መንገድ አለ። ለዓመታት ሸርፓ ሮሜዮ ሲባል የኖረ፣ አሁን ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር የሚባል ነፃ የመረጃ ቋት አለ። የሚያስተዳድረው ጂስክ የተባለ የእንግሊዝ ተቋም ነው። የጆርናሉን ስም ጻፊበት። የትኛው ቅጂ፣ የት ቦታ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በምን ፈቃድ እንደሚቀመጥ ለይቶ ይነግርሻል። አራቱንም እይ። «የት ቦታ» የሚለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። የግል ድረ ገጽ ላይ ዛሬውኑ ፈቅዶ ሪፖዚተሪ ላይ ግን ቆዪ የሚል አሳታሚ አለና።

ቆዪ የሚሉት ጊዜ ኤምባርጎ ይባላል። ሴጅ የተባለው አሳታሚ ተቀባይነት ያገኘውን ቅጂ በተቋምሽ ሪፖዚተሪ ወዲያው እንድታስቀምጪ ይፈቅዳል። ስፕሪንገር ኔቸር በክፍያ ለሚነበቡ ጆርናሎቹ በአብዛኛው ከታተመ 12 ወር ይጠብቃል። ኤልሰቪር እንደየጆርናሉ ይለያያል። የአንቺ ባለፈው ዓመት ከወጣ ምናልባት ጊዜው አልፏል ወይ ሊያልፍ ነው። ባያልፍም ዛሬ ከማስገባት አያግድሽም። ሪፖዚተሪዎች ፋይሉን ዘግተው ያቆዩትና ቀኑ ሲደርስ ራሳቸው ይከፍቱታል። እስከዚያ ርዕሱና አብስትራክቱ፣ አጭር ማጠቃለያው፣ ለሁሉም ይታያል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ «ቅጂ ጠይቅ» የሚል አማራጭ አለው። አንባቢው ይጠይቃል፣ ጥያቄው በኢሜይል ይደርስሻል፣ አንቺ ትልኪለታለሽ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ያ ሁለተኛው ቅጂ አለሽ?

ሰዎች ስለ ፈቃድ ብዙ ይጨነቃሉ። እኔ እስካየሁት ግን አብዛኛው ፔፐር ተዘግቶ የሚቀረው አሳታሚው ስለከለከለ አይደለም። ደራሲው ፋይሉን ስለጣለው ነው። ያማረው ፒዲኤፍ ሲመጣ ያኛውን እንረሳዋለን። «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ተከምረው ይቀራሉ። ከዚያ ላፕቶፑ ይበላሻል።

በራሴ ደርሷል። ከዓመታት በፊት የጻፍኩትን አንድ ጥናት ሪፖዚተሪ ላይ ላስገባ ፈለግኩ። ጆርናሉ ይፈቅዳል፤ ኤምባርጎውም ካለፈ ቆይቷል። የቀረው ፋይሉን መስቀል ብቻ ነበር። ግን ፋይሉ የነበረው የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ በሰጠኝ ኢሜይል ውስጥ ነው። ሥራ በለቀቅሁ ሰሞን ኢሜይሉን ዘግተውታል። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። አብረውኝ የጻፉትን ጠየቅኩ፤ አንዳቸውም ጋ የለም። ያ ጥናት እስከዛሬ ዝግ ነው። የተፈቀደልኝን ነገር ማድረግ ያቃተኝ አንዲት የዎርድ ፋይል አጥቼ ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አንቺ ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለፈሽ። መጀመሪያ ጥናቱን ወደ ላክሽበት የጆርናሉ ሲስተም ግቢ። ኤዲቶሪያል ማኔጀርም ይሁን ስኮላርዋን፣ በደራሲነት ስትገቢ ውሳኔ ያገኙ ጽሑፎችሽን ያሳይሻል። ለመጨረሻ ጊዜ አስተካክለሽ የላክሽውን አውርጂ። ብዙውን ጊዜ ከቁጥሩ ኋላ አር አንድ ወይም አር ሁለት የሚል ምልክት አለው። እዚያ ካጣሽው ኢሜይልሽን በጆርናሉ ስም ፈትሺ። ቀጥሎ አማካሪሽን ጠይቂ። እንደዚያ ዓይነት ሰዎች ሁሉንም ነገር ያስቀምጣሉ።

አንድ ነገር እንዳታደርጊ ግን አደራ። የአሳታሚውን ፒዲኤፍ ወደ ዎርድ ቀይረሽ፣ አርማውን ቆርጠሽ «የእኔ ቅጂ» ብለሽ አታስገቢ። ይሄን የሚያደርጉ አሉ። አርማው ስለጠፋ ቅጂው የአንቺ አይሆንም። እርማት ለማየት የላኩልሽ የማተሚያ ቅጂም ያው የአሳታሚው ሥራ ነው።

ፋይሉን ስታገኚ ከመጀመሪያው ገጽ በላይ ይሄን ጻፊ፦ «ይህ በገምጋሚዎች ታይቶ ለኅትመት ተቀባይነት ያገኘው የደራሲያኑ ቅጂ ነው። የታተመው ቅጂ በዚህ አድራሻ ይገኛል።» ከዚያ የጆርናሉን ስም፣ ዓመቱንና ዲኦአይ የሚባለውን የጥናቱን ቋሚ መለያ ቁጥር። ጆርናሉ የተለየ አባባል ከጠየቀ በእሱ አድርጊው። አንባቢ ሲጠቅስሽ የታተመውን እንዲጠቅስ ይረዳዋል፤ አሳታሚውም የሚያማርርበት አይኖረውም። በሌላ ሰው ካርታ ወይም ፎቶ ተጠቅመሽ ከሆነ ደግሞ ያ ፈቃድ ሪፖዚተሪንም እንደሚጨምር አረጋግጪ።

የት ላስገባው ለሚለው፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያችሁ የነገረችሽ ትክክል ነው። ዩኒቨርሲቲሽ ሪፖዚተሪ ካለው ከእሱ ጀምሪ። ይሄ ውለታ የመዋል ጉዳይ ብቻም አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት የወጣ ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ አለ፤ ጥናት ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል ነው። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት በተቋሙ ሪፖዚተሪና በብሔራዊው የአካዳሚክ ሪፖዚተሪ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ጥናታችሁ በዩኒቨርሲቲው በጀት ከተሠራ አንቺንም ይመለከታል። «ይከሱሻል» ላለሽ ጓደኛ ይሄንንም ንገሪው።

ሰርቨር መውደቁን፣ መብራት መጥፋቱን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ደንቡ ከፈቀደልሽ ሁለተኛ ቅጂ ዜኖዶ ላይ አስቀምጪ። ስዊዘርላንድ ያለው ሰርን፣ የፊዚክስ ማዕከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው ነፃ ሪፖዚተሪ ነው። የየትኛውም አገር ተመራማሪ ማስገባት ይችላል። በተለይ የራሱ ሪፖዚተሪ ለሌለው ዩኒቨርሲቲ መምህር ትልቅ እፎይታ ነው። ዜኖዶ ላይ ስታስገቢ ዲኦአይ አለሽ ወይ ይልሻል። የታተመውን ጥናት ቁጥር ስጪው፤ አዲስ አታስወጪ።

ቴሌግራምን ለምን አልመከርኩሽም? ተማሪዎቻችን መጽሐፍ የሚያገኙት ከዚያ እንደሆነ አውቃለሁ። ማንንም ልወቅስ አልፈልግም። ግን ዛሬ የለቀቅሽው ፋይል በሳምንቱ ከሺህ መልእክት ሥር ይቀበራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ኖራ የሚፈልግ ሰው ጎግል ላይ አያገኘውም። ሪፖዚተሪ ላይ ያለውን ግን ጎግል ስኮላር ያገኘዋል። ከርዕሱ ጎን «ፒዲኤፍ» ብሎ ሊንኩን ያወጣዋል። አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በስልኩ የጥናቱን ርዕስ ቢጽፍ ያንን ነክቶ ያነባል። 35 ዶላሩን አያየውም። ለጓደኞችሽ ማሳወቅ ከፈለግሽ የሪፖዚተሪውን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ልቀቂ። ያ ምንም ችግር የለውም።

ሪሰርችጌትና አካዴሚያ ላይስ የምትይ ከሆነ፣ ሁለቱም ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚያጋሩባቸው ድረ ገጾች ያሏቸው የግል ኩባንያዎች ናቸው። የአካዴሚያ አድራሻ እንደ ዩኒቨርሲቲ ቢመስልም ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ብዙ አሳታሚዎች ለሪፖዚተሪ የሰጡትን ፈቃድ ለእነሱ አይሰጡም። ሪሰርችጌት ከኤልሰቪርና ከአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ጋር ለዓመታት ተካስሶ እ.ኤ.አ. በ2023 በስምምነት ነው የጨረሰው። እዚያ ስምሽና የሥራ ዝርዝርሽ ይኑር። ፋይሉ ግን ቤቱ ሌላ ቦታ ይሁን።

ስለ 3,000 ዶላሩ አጭር ነው መልሴ። አትክፈሉ። ያ ገንዘብ የአሳታሚውን ያማረ ቅጂ በጆርናሉ ገጽ ላይ ለመክፈት ነው። እኔ የምነግርሽ መንገድ ሌላ ነው፤ ነፃ ነው። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን የተቀመጡት እ.ኤ.አ. በ2002 ጥናት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የጠየቀው የቡዳፔስት መግለጫ በወጣ ጊዜ ነው። አንዱ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ጆርናሎችን መክፈት፤ ሌላው ደራሲው ራሱ ቅጂውን ሪፖዚተሪ ላይ ማስቀመጥ። በኛ አገር ስለ መጀመሪያው ብቻ ስለሚወራ «ክፍት» ሲባል ሰው ሁሉ ዶላር ይታየዋል። ለሚቀጥለው ጥናታችሁ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነ ጆርናል ከመረጣችሁ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት የክፍያ ምሕረት ጠይቁ። ብዙዎቹ እንደኛ ላሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገራት ክፍያውን ይተዋሉ።

«ይሰርቁኛል» ያልሽውን አልንቀውም። ሰው ሥራውን ተነጥቆ ያለቀሰ አይቻለሁ። ግን እስኪ አስቢው። ጥናትሽ በስምሽ ታትሟል። ሪፖዚተሪው ላይ ስምሽና ያስገባሽበት ቀን ተመዝግቦ ይቀመጣል። የሚገለብጥ ሰው ቢመጣ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ጽሑፍ ጋር ማመሳከር ቀላል ነው። ለሌባ የሚመቸው ማንም የማያየው ነገር ነው። የፊዚክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ፣ ገና ጆርናል ላይ ሳይወጣ፣ ጽሑፋቸውን አርካይቭ በተባለው ሪፖዚተሪ ያስቀምጣሉ። ከሚያስቀምጡበት ምክንያት አንዱ «እኔ ቀድሜ አግኝቼዋለሁ» ለማለት ነው።

ባልደረቦችሽን ሳትነግሪ ግን እንዳታስገቢ። ውሉን የፈረመችው አንዷ ብትሆንም ሥራው የአራታችሁ ነው። አጭር ኢሜይል ይበቃል። «ተቀባይነት ያገኘውን ቅጂ በዚህ ሪፖዚተሪ ላስገባ ነው፣ የጆርናሉ ደንብ ይኸውና፣ የምትቃወሙ ካላችሁ እስከዚህ ቀን ንገሩኝ» ብለሽ ላኪ። የአማካሪሽ ተቋም ውጭ ስለሆነ እሳቸውም የራሳቸው ግዴታ ሊኖርባቸው ይችላል። ምናልባት እዚያም ያስገቡታል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ቅጂውን ብትከፍችውም ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። በስታቲስቲክስ የተሞላ ነው። ገበሬዎቹ የጠየቁት ደግሞ ስንት ኩንታል፣ መቼ፣ በየትኛው ማሳ የሚለውን ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፊ። ሄክታሩን ወደ ጥማድ ለውጪው፤ ገበሬው የሚያስበው በጥማድ ነው። ኖራው ከዘር ስንት ሳምንት በፊት እንደሚበተን፣ ከአፈሩ ጋር እንዴት እንደሚቀላቀል፣ በየትኛው ሰብል ላይ እንደሞከራችሁት ንገሪያቸው። ያልሠራላችሁም ካለ ጻፊው።

ለዚህ የማንንም ፈቃድ አትጠይቂም። የኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳብ የተገለጸበትን ሥራ ነው። ሐሳቡን፣ ግኝቱን፣ ጥሬ መረጃውን አይደለም። ፔፐሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትተረጉሚው አሳታሚውን መጠየቅ ይኖርብሽ ነበር። ያገኘሽውን ነገር በራስሽ ቃል ማስረዳት ግን የማንም ንብረት አይደለም። ያንን ገጽ ከጥናቱ ጋር ሪፖዚተሪው ላይ አስቀምጪው። ከናንተ በኋላ እዚያ ወረዳ የሚመደብ ሌላ ባለሙያም ያገኘዋል።

ይሄ ሁሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድብሽ ይችላል። ያ ልጅ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። ብዙ አሳታሚዎች ደራሲው ለጠየቀው ሰው አንድ ቅጂ በግል እንዲልክ ይፈቅዳሉ። ዛሬ ማታ ፋይሉን ስታገኚው መጀመሪያ ለእሱ ላኪለት። ነገ ደግሞ ደውለሽ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለ አሳዪው።